ሁለተኛው መድኃኒት

በ2000 «ላንሴት» የተባለው የሕክምና መጽሔት ከዙሪክ፣ ስዊዘርላንድ የተጻፈ አጭር ዘገባ አወጣ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዘገባው ልብ ስለተተከለላቸው ሁለት ታካሚዎች ነበር። ሁለቱም ሰውነታቸው አዲሱን ልብ እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳያጠቃው የሚያደርገውን ሳይክሎስፖሪን የተሰኘ መድኃኒት በየዕለቱ ይወስዳሉ። ደህና ከርመው ሳለ ከልባቸው የተወሰደው ናሙና ሲመረመር ጥቃቱ መጀመሩ ታየ። በደማቸው ውስጥ ያለው የሳይክሎስፖሪን መጠንም ከሚፈለገው በታች ወርዶ ተገኘ። መድኃኒቱን መውሰድ አልረሱም፤ መጠኑንም የቀነሰባቸው ሰው አልነበረም። ከሦስት ሳምንት ገደማ ወዲህ የተለወጠው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ለድባቴ የሚወሰድ፣ ከዕፅ የተዘጋጀ ኪኒን ጀምረዋል። ዕፁ ሴንት ጆንስ ወርት ይባላል፤ ቢጫ አበባ ያለው፣ በአውሮፓ የባህል ሕክምና ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅ ነው። እሱን ሲያቆሙ የሳይክሎስፖሪኑ መጠን ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ልባቸውም ዳግም አልተጠቃም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥፋተኛ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ሳይክሎስፖሪን ልባቸውን ያቆየላቸው መድኃኒት ነው። ዕፁም ብቻውን ቢሆን ኖሮ ምናልባት ምንም ባላደረጋቸው ነበር። አደጋው የተፈጠረው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ስለ መድኃኒቶች መጋጨት ሲነሣ ብዙዎቻችን የሚታየን እጅግ ብርቱና እንግዳ የሆነ ነገር ነው፤ እኔ ግን በዚህ ምዕራፍ ላሳይ የምፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ጉዳት የሚያመጣው ሁለተኛው መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ተራ ነገር ነው፤ የጨጓራ፣ የሽንት ቧንቧ፣ የወገብ ሕመም መድኃኒት፣ በሌላ ሐኪም ለሌላ ሕመም በትክክል የታዘዘ።

የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም ሆን ብለው የሚገቱ መድኃኒቶችን የሚወስዱት በተለይ ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንደኞቹ ኩላሊት፣ ጉበት ወይም ልብ የተተከለላቸው ናቸው። ሌሎቹ መከላከያቸው በገዛ አካላቸው ላይ የተነሣባቸው ናቸው፤ ሩማቶይድ አርትራይተስ መገጣጠሚያቸውን የሚያሳብጥባቸው፣ ሉፐስ ቆዳቸውንና ኩላሊታቸውን የሚያጠቃባቸው፣ አንጀታቸው እየቆሰለ የሚደማባቸው። በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2015 አዲስ አበባ በሚገኘው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተከናውኗል። ወደ ሕንድና ወደ ሌሎች አገሮች ሄደው አስተክለው የተመለሱ ወገኖችም አሉ። ስለዚህ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

እነዚህን መድኃኒቶች አስቸጋሪ የሚያደርጋቸው የሚጠቅመውና የሚጎዳው መጠን እጅግ መቀራረቡ ነው። ትንሽ ሲያንሱ ሰውነት የተተከለውን ኩላሊት ያጠቃል። ትንሽ ሲበዙ ደግሞ ያንኑ ኩላሊት ራሳቸው ይመርዙታል፤ እጅ ያንቀጠቅጣሉ፤ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታሉ። ታካሚዎቹ በየጊዜው ደም እየሰጡ የመድኃኒቱን መጠን የሚያስለኩት ለዚህ ነው።

ሳይክሎስፖሪን የሚሠራው ኖርዌይ ውስጥ ሃርዳንገርቪዳ ከተባለ አምባ በተወሰደ አፈር ውስጥ ከተገኘ ሻጋታ ነው። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ታክሮሊመስ ደግሞ በ1984 ጃፓን ውስጥ በጹኩባ አፈር ከተገኘ ባክቴሪያ የመጣ ነው። ሰውነት ሁለቱንም እንደ ማንኛውም እንግዳ ነገር ሰባብሮ ሊያስወጣቸው ይጥራል። ሥራው በዋናነት የወደቀው በጉበትና በአንጀት ግድግዳ ውስጥ በሚገኝ ሲዋይፒ 3ኤ4 በተባለ ኢንዛይም ላይ ነው። ይህን ኢንዛይም እንደ ሰፈር ወፍጮ ቤት አስቡት። የብዙ ሰው እህል የሚፈጨው እዚያው ነው። አንዱ ወፍጮውን ይዞት ሲቆይ የሌላው እህል ሳይፈጭ ይከማቻል፤ ወፍጮ ሲጨመር ደግሞ የሁሉም ቶሎ ያልቃል። ሴንት ጆንስ ወርት ወፍጮ ጨማሪ ነው። ጉበት ኢንዛይሙን በብዛት እንዲያመርት ያደርጋል፤ ሳይክሎስፖሪኑም ሥራውን ሳይጨርስ ተሰባብሮ ይወጣል።

ለእኛ አገር አንባቢ ግን ከዚህ ዕፅ ይልቅ ሊያሳስበው የሚገባው ሪፋምፒሲን ነው። ሪፋምፒሲን የቲቢ ሕክምና ምሰሶ ነው፤ በተለመደው የስድስት ወር ሕክምና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይለይም። ኢንዛይሙን በማብዛት ረገድም ከሚታወቁት ሁሉ ብርቱዎቹ ጋር የሚመደብ ነው። መከላከያው የተገታ ሰው ደግሞ ከሌላው ይልቅ ቲቢ ያሰጋዋል፤ ለዓመታት በውስጡ ተኝቶ የኖረው ጀርም ሊነሣበት ይችላል። ስለዚህ የሁለቱ መድኃኒቶች መገናኘት አጋጣሚ ብቻ አይደለም፤ አንዱን መውሰድ ሌላውን የመፈለግ ዕድል ያመጣል። ሪፋምፒሲን የጀመረ የንቅለ ተከላ ታካሚ የታክሮሊመሱ ወይም የሳይክሎስፖሪኑ መጠን ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ማደግ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ያም ሆኖ ደሙ በቅርብ እየተለካ ነው። አንዳንድ ሐኪሞች በሪፋምፒሲን ፈንታ ኢንዛይሙን እምብዛም የማያበዛውን ሪፋቡቲን የሚመርጡት ከዚህ የተነሣ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ የሕክምናው ማብቂያ ነው። ስድስቱ ወር አልቆ ሪፋምፒሲን ሲቆም ኢንዛይሙ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ወደ ቀድሞው መጠኑ ይወርዳል። በዚያ ጊዜ ከፍ ብሎ የነበረው ታክሮሊመስ ካልተቀነሰ በደም ውስጥ እየተከማቸ ኩላሊቱን ይመርዛል። ታካሚው ከቲቢ ድኗል፤ ቤተሰቡም ተደስቷል። ማንም አደጋ በማይጠብቅበት ሰዓት የሚመጣ ስለሆነ ይህን የማነሣው አጥብቄ ነው፤ መድኃኒት መጀመር ብቻ ሳይሆን ማቆምም መጠን ይለውጣል።

ሪፋምፒሲን የወሊድ መከላከያ ኪኒንንም ያዳክማል። በሽታ የመከላከል አቅምን ከሚገቱት መድኃኒቶች መካከል ማይኮፌኖሌት ወይም ሜቶትሬክሴት የምትወስድ ሴት ብታረግዝ መድኃኒቱ ፅንሱን ሊጎዳ ስለሚችል በዚህ ጊዜ ሌላ መከላከያ ያስፈልጋታል። ይህን ማንሣት ያለበት ሐኪሙ ነው፤ ዝም ካለ ግን እሷ ትጠይቅ።

ወፍጮውን ይዘው የሚያቆዩት መድኃኒቶችም የእኛው ሰፈር መድኃኒቶች ናቸው። ጨጓራውን የሚያቃጥለው ሰው ሲመረመር ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ይገኝበታል፤ ኦሜፕራዞል፣ አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን ይታዘዝለታል። ለሌላው ሰው ይህ ተገቢ ሕክምና ነው። ታክሮሊመስ ለሚወስድ ሰው ግን ክላሪትሮማይሲን ኢንዛይሙን ያግድና በጥቂት ቀናት ውስጥ የታክሮሊመሱን መጠን ያንረዋል። እጁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ራሱን ያመዋል፤ የኩላሊት መጎዳት የሚታወቅበት ክሬያቲኒንም በደሙ ውስጥ ከፍ ይላል። ኤሪትሮማይሲን፣ ለፈንገስ የሚሰጡት ኪቶኮናዞልና ፍሉኮናዞል፣ ለደም ግፊት የሚሰጠው ዲልቲያዜም፣ ከኤችአይቪና ከኮቪድ መድኃኒቶች ጋር የሚቀላቀለው ሪቶናቪርም እንዲሁ ያደርጋሉ። የሪቶናቪር ከሁሉም ይከፋል።

የሚገርመው ይኸው ግጭት ሆን ተብሎ ጥቅም ላይ የዋለበት ጊዜ መኖሩ ነው። ሳይክሎስፖሪን ውድ ስለሆነ አንዳንድ የንቅለ ተከላ ሐኪሞች ርካሹን ኪቶኮናዞል እያከሉ የሳይክሎስፖሪኑን መጠን በብዙ ቀንሰዋል፤ የታካሚውም ወጪ ወርዷል። እኔ ከዚህ የምረዳው ግጭት የሚገድለው ሳይታወቅ ሲቀር መሆኑን ነው። አስቀድሞ የታወቀ፣ ደሙ የሚለካ፣ መጠኑ የሚስተካከል ከሆነ ሊያዝ የሚችል ነገር ነው።

ምግብም ከዚህ አያመልጥም። በ1989 ካናዳ ውስጥ ዴቪድ ቤይሊ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ የደም ግፊት መድኃኒት የሆነው ፌሎዲፒን ከአልኮል ጋር ሲወሰድ ምን እንደሚሆን እያጠኑ ነበር። የአልኮሉን ጣዕም ለመሸፈን የተጠቀሙበት የግሬፕፍሩት ጭማቂ ነው። የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ ከተጠበቀው እጅግ በልጦ ተገኘ፤ ምክንያቱም አልኮሉ ሳይሆን ጭማቂው ነበር። ግሬፕፍሩት በአንጀት ግድግዳ ያለውን ኢንዛይም ያሰናክለዋል፤ የአንድ ብርጭቆ ውጤት ከአንድ ቀን በላይ ይቆያል። ስለዚህ «ጠዋት ጭማቂውን፣ ማታ መድኃኒቱን» ማለት አያዋጣም። ሳይክሎስፖሪን ወይም ታክሮሊመስ የሚወስድ ሰው ግሬፕፍሩትን ጨርሶ መተው አለበት።

የእነዚህን መድኃኒቶች መጠላለፍ ግን ኩላሊት የተተከለለት ሰው የእግር አውራ ጣት ሲያብጥ እንደሚያሳየው ሌላ የሚያሳየው የለም። ሳይክሎስፖሪን ኩላሊት ዩሪክ አሲድን በደንብ እንዳያስወጣ ያደርጋል። አሲዱ ይጠራቀማል፤ በመገጣጠሚያ ውስጥ እንደ ጥቃቅን መርፌ ይዘቅጣል፤ ጋውት የተባለው የሪህ ዓይነት ይነሣል። ሕመሙ ሌሊት ይጀምራል፤ ጣቱ ይቀላል፤ አንሶላ ሲነካው እንኳ ያስጮኻል። ሰውየው ሲነጋ በአቅራቢያው ወዳለ ክሊኒክ እያነከሰ ይሄዳል። ሐኪሙ ፊት ያሉት የታወቁ መድኃኒቶች ሦስት ናቸው። ሦስቱም ለሌላው ሰው ደህና ናቸው፤ ለዚህ ሰው ግን ሦስቱም ወጥመድ አላቸው።

የመጀመሪያው ዲክሎፌናክ ነው፤ በመርፌ ቢወጋ በሰዓት ውስጥ ያስታግሰዋል። ነገር ግን ሳይክሎስፖሪን ወደ ኩላሊት የሚገባውን ደም ያጠብባል፤ ዲክሎፌናክም በሌላ መንገድ ያንኑ ያደርጋል። ሁለቱ የሚደራረቡት ባለው አንድ ኩላሊት ላይ ነው። ሁለተኛው ኮልቺሲን ነው። ሳይክሎስፖሪን የኮልቺሲንን መውጫ ስለሚዘጋ በተለመደው መጠን ቢሰጥ እንኳ ሊከማችና ጡንቻንና መቅኔን ሊመርዝ ይችላል። ክላሪትሮማይሲን ከኮልቺሲን ጋር ተሰጥቶ ሰው የሞተበት ጊዜ አለ።

ሦስተኛው አሎፑሪኖል ነው። ታሪኩ ረጅም ቢሆንም ሊነገር ይገባዋል። ጌርትሩድ ኤሊየን እና ጆርጅ ሂቺንግስ በባሮውስ ዌልካም ኩባንያ ቤተ ሙከራ ለደም ካንሰር የሚሆን 6-መርካፕቶፑሪን የተባለ መድኃኒት ሠሩ። ሰውነት ግን ዛንቲን ኦክሲዴዝ በተባለ ኢንዛይም ቶሎ እየሰባበረ ያባክነዋል። ኢንዛይሙን የሚያግድ ነገር ሲፈልጉ አሎፑሪኖልን አገኙ። በሰውነት ውስጥ ዩሪክ አሲድን የሚሠራውም ያው ኢንዛይም ስለሆነ አሎፑሪኖል ለጋውት ሁነኛ መድኃኒት ሆኖ ቀረ። በሌላ በኩል ከ6-መርካፕቶፑሪን የወጣውና የሰውነትን መከላከያ የሚገታው አዛቲዮፕሪን በ1962 ቦስተን ውስጥ ጆሴፍ መሬይ ከሞተ ሰው የተወሰደ ኩላሊት በተሳካ ሁኔታ እንዲተክሉ ረዳ። ኤሊየንና ሂቺንግስ በ1988፣ መሬይ በ1990 የኖቤል ሽልማት አገኙ።

እንግዲህ አዛቲዮፕሪን በሰውነት ውስጥ የሚለወጠው ወደዚያው 6-መርካፕቶፑሪን ነው፤ አሎፑሪኖልም መጀመሪያ የተፈለገው የዚህን መድኃኒት መሰባበር ለማገድ ነው። ሁለቱን በሙሉ መጠን አንድ ላይ መስጠት ማለት ከታዘዘው በብዙ እጥፍ የበለጠ አዛቲዮፕሪን እንደ መስጠት ነው። መቅኔ ደም ማምረት ያቆማል፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ይመናመናሉ፤ ተራ ኢንፌክሽን ገዳይ ይሆናል። የግድ አብረው መሰጠት ካለባቸው የአዛቲዮፕሪኑ መጠን ወደ አንድ ሦስተኛ ወይም አንድ አራተኛ ይወርዳል፤ የደም ቆጠራውም በየጊዜው ይታያል። አለበለዚያ አዛቲዮፕሪን ይህ ግጭት በሌለበት በማይኮፌኖሌት ይተካል። ጣቱ ላበጠው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የተሻለው መንገድ ለጥቂት ቀናት ስቴሮይድ የሆነውን የፕሬድኒሶሎንን መጠን ከፍ ማድረግ ነው። ይህን ሁሉ ለማወቅ ግን የክሊኒኩ ሐኪም አስቀድሞ አንድ ነገር መስማት አለበት፤ ሰውየው ኩላሊት የተተከለለት መሆኑንና የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ መድኃኒቱን የደበቀ ሰው ግን መድኃኒት ያገኛል፤ የሚያገኘው የሚጎዳውን ነው።

ሜቶትሬክሴት ለሩማቶይድ አርትራይተስ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ የወሰዱ ሰዎች ሞተዋል፤ ስለዚህ ቀኑ «ሰኞ» ወይም «ዓርብ» ተብሎ በስሙ ካርቶኑ ላይ ቢጻፍ እመክራለሁ። መድኃኒቱ ሕዋሳት ለመባዛት የሚያስፈልጋቸውን ፎሌት እንዳይጠቀሙ ያግዳል። ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና ለብዙ ሌላ ነገር በሚሰጠው ኮትሪሞክሳዞል ውስጥ ያለው ትሪሜቶፕሪምም የሚሠራው በዚያው የፎሌት መንገድ ላይ ነው። ከዚያም አልፎ ሜቶትሬክሴት በኩላሊት እንዳይወጣ ያዘገየዋል። ኮትሪሞክሳዞል በአገራችን ከኤችአይቪ ጋር ለሚኖሩ ሰዎች መከላከያ ሆኖም ስለሚሰጥ በየቤቱ የሚገኝ፣ ማንም የማይፈራው መድኃኒት ነው። ከሜቶትሬክሴት ጋር ግን መቅኔን ሊያደርቅ ይችላል። ምልክቱ አፍ ውስጥ የሚወጣ ቁስል፣ ትኩሳት፣ ድድ መድማት፣ ያለ ምክንያት የሚበልዝ ቆዳ ነው። ይህ የታየበት ሰው ነገ ከነገ ወዲያ ሳይል ያንኑ ዕለት ሆስፒታል ሄዶ ደሙን ማስቆጠር አለበት፤ ማርከሻው ፎሊኒክ አሲድ ይባላል፤ የሚጠቅመውም በጊዜ ሲሰጥ ነው።

የብግነት ማስታገሻዎቹ፣ እነ አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክና ኢንዶሜታሲን፣ ያለ ማዘዣ እንደ ከረሜላ ስለሚገዙ ከሁሉም ይልቅ ችላ የሚባሉ ናቸው። እንግሊዛዊው ጆን ቬን በ1971 እንዳሳየው አስፕሪንና ቤተሰቦቹ የሚሠሩት ፕሮስታግላንዲን የተባለውን ንጥረ ነገር እንዳይመረት በማድረግ ነው። ሕመምና እብጠት የሚያመጣው ፕሮስታግላንዲን ግን ጨጓራን ከአሲድ ይጠብቃል፤ ደም ሲያንስም ወደ ኩላሊት ማጣሪያ የሚገባውን የደም ሥር ከፍቶ ይይዛል። አንድ የደም ግፊት ታካሚ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይወስዳል እንበል። ኢናላፕሪል ከማጣሪያው የሚወጣውን የደም ሥር ያሰፋል፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ውኃን በሽንት ያስወጣል። ኩላሊቱ ግፊቱን የሚጠብቅበት የቀረው አቅም በመግቢያው ያለው ፕሮስታግላንዲን ነው። ወገቡን አሞት ዲክሎፌናክ ሲጨምር ያም ይዘጋል። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከታከለበት ኩላሊቱ በቀናት ውስጥ ሥራ ሊያቆም ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው ሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል።

ጨጓራን በተመለከተ በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት አረጋውያን ላይ የተሠራ፣ በ1991 የታተመ ጥናት ፕሬድኒሶሎንን የመሰሉ ስቴሮይዶችን ከእነዚህ ማስታገሻዎች ጋር የሚወስዱ ሰዎች ሁለቱንም ከማይወስዱት ይልቅ በጨጓራ ቁስለት የመያዝ አደጋቸው 15 እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪን ከተጨመረ ቁስሉ ሲደማ የሚያቆመው ነገር ይጠፋል። የጨጓራ ደም አንዳንዴ የሚታወቀው ሰገራ እንደ ሬንጅ ሲጠቁር ብቻ ነው።

ይህን ምዕራፍ አንብቦ ፈርቶ መድኃኒቱን የሚያቆም ሰው ቢኖር እጅግ ያሳዝነኛል። ፕሬድኒሶሎንን ለሳምንታት የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቆመው ሰውነቱ የራሱን ኮርቲዞል ማምረት ዘንግቶ ስለሚቆይ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። የተተከለ ኩላሊትም ያለ መድኃኒቱ አይቆይም። ስለዚህ የምለምነው ሌላ ነገር ነው። የምትወስዱትን ሁሉ፣ ከሆስፒታል የታዘዘውን፣ ከመድኃኒት ቤት የገዛችሁትን፣ ዘመድ ከውጭ አገር የላከላችሁን ቫይታሚን፣ ቤት ውስጥ የምትጠጡትን የባህል መድኃኒት ጭምር በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉና ከኪሳችሁ አትለዩት። የማታውቁት ሐኪም መድኃኒት ሲያዝላችሁ፣ ፋርማሲስትም መድኃኒት ሲሰጣችሁ፣ ነርስም መርፌ ልትወጋችሁ ስታዘጋጅ አውጥታችሁ አሳዩ። ለቢጫ ወባ ወይም ለኩፍኝ ክትባት ስትሄዱም አሳዩ፤ ሕያው ጀርም ያለባቸው ክትባቶች መከላከያው ለተገታ ሰው አይሰጡምና። እናትና አባታችሁ ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ወረቀቱን እናንተ ጻፉላቸው፤ አዲስ መድኃኒት በተጨመረ ወይም በቆመ ቁጥርም አድሱት።